ባሕሩን በግራ ይዞ፦ ከለንደን እስከ ላይም ሪጂስ በመኪና የአምስት ቀን ጉዞ እንዴት ይታቀዳል?

እንግሊዝ ትልቅ አገር አይደለችም። መሀል አገር ብትቆሙ እንኳ ባሕሩ ከ70 ማይል ብዙ አይርቃችሁም። አንድ ማይል 1.6 ኪሎ ሜትር ነው። ስለዚህ ከየትም ተነስቶ ባሕር ማየት የግማሽ ቀን ጉዳይ ነው። መድረሱ ቀላል ነው፤ እቅድ የሚፈልገው ደርሶ መቆየቱ ነው።

ይህን የተማርኩት በመጀመሪያው ጉዟችን ነው። በሦስት ቀን ከለንደን ተነስተን እስከ ላንድስ ኤንድ፣ እስከ ምዕራቡ ጫፍ ድረስ ሄደን ልንመለስ ወጣን። ደረስንም። ግን ልጆቼ ባሕሩን ያዩት አብዛኛውን ጊዜ በመኪና መስኮት ነበር። በሦስተኛው ቀን ታናሿ «አባዬ፣ መቼ ነው የምንወርደው?» ስትለኝ አንጀቴን በላችኝ። ከዚያ ወዲህ ከመሄጃውና ከመመለሻው ቀን በስተቀር በቀን ከሁለት ሰዓት በላይ አልነዳም።

ከዚህ በታች ያለው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሄድ ወዳጅ ሁልጊዜ የምሰጠው መንገድ ነው። ከለንደን ወደ ፖርትስመዝ፣ በፌሪ፣ መኪና በሚያሻግር መርከብ፣ ወደ አይል ኦፍ ዋይት ደሴት፣ ከዚያ በኒው ፎረስት በኩል ወደ ዶርሴት፣ መጨረሻው ላይም ሪጂስ። አምስት ቀን፣ አራት ሌሊት። ዓመቶቹንና ወሮቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የጻፍኩት።

1. መጀመሪያ የማይጠብቋችሁን ነገሮች ጻፉ

ካርታ ከመክፈታችሁ በፊት ወረቀት ያዙ። በዚህ መንገድ ላይ እናንተን የማይጠብቁ አራት ነገሮች አሉ። ፌሪው፣ የባሕሩ መሙላትና መጉደል፣ የወታደሮቹ በር እና ማደሪያው። ሌላው ሁሉ፣ ምሳውም ሙዚየሙም፣ በእነዚህ መሀል ይገባል።

የወታደሮቹ በር ያልኩት ለልወርዝ አካባቢ ያለውን የጦር ሠራዊት መለማመጃ ነው። እዚያ ውስጥ ታይነም የምትባል ባዶ መንደር አለች። መንገዱ የሚከፈተው አብዛኛውን ቅዳሜና እሑድ፣ በበዓል ቀናትና በነሐሴ ወር ነው። የሚከፈትባቸው ቀናት አስቀድመው ስለሚወጡ ከመነሳታችሁ በፊት ተመልከቱ።

እኔ የምመክረው ሐሙስ መነሳት ነው። ሐሙስ ብትነሱ አራተኛው ቀናችሁ እሑድ ይሆናል፤ ታይነምን ታያላችሁ። የምትመለሱት ደግሞ ሰኞ ነው። እሑድ ከሰዓት በኋላ ከደቡብ ምዕራብ ወደ ለንደን የሚወስደው መንገድ እንዴት እንደሚጨናነቅ የቆመበት ያውቀዋል።

2. ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ንዱ

ይህን ብዙ ሰው አያስበውም። እንግሊዝ ውስጥ የሚነዳው በግራ ነው። በደቡብ ባሕር ዳር ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ስትሄዱ ባሕሩ በግራችሁ ይሆናል። ከባሕሩ በኩል ባለው መስመር ላይ ናችሁ ማለት ነው። እይታው የሚያምርባቸው ማቆሚያዎችም በዚያው በኩል ስለሚመጡ፣ ከፊት የሚመጣ መኪና ሳታቋርጡ ጠጋ ብላችሁ ትቆማላችሁ። መሪው በቀኝ ነው፤ በግራ የተቀመጠው ሰው ባሕሩን ሙሉ በሙሉ ያየዋል። በተቃራኒው ብትነዱ ግን ይኼ ሁሉ ከሌላኛው መስመር ባሻገር ይቀራል።

3. ወሩን ምረጡ

ግንቦት፣ ሰኔና መስከረም ጥሩ ናቸው። ሰኔ ላይ ፀሐይ የምትጠልቀው በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ከእራት በኋላ እንኳ ባሕር ዳር ለመቀመጥ ብርሃን ይተርፋል።

ከሐምሌ መጨረሻ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ትምህርት ቤት ይዘጋል። ሁሉም የሚወጣው ያኔ ነው፤ ዋጋውም አብሮ ይወጣል። ልጅ ያለው ሰው ምርጫ ስለሌለው በዚያ ጊዜ ይሄዳል። እንደዚያ ከሆነ ማደሪያና ፌሪ ከወራት በፊት ያዙ። በብርዱ ወራት መሄድም ይቻላል፤ ነገር ግን ታኅሣሥ ላይ ገና 10 ሰዓት ሲል ይመሻል፤ ብዙ ቦታም ዝግ ነው።

የአየር ጠባዩን ትንበያ ከሦስት ቀን በፊት ጀምራችሁ እዩ። ዝናብ ጉዞ አያስቀርም። ጃኬቱ ግን በነሐሴም ቢሆን ከመኪናው አይወጣም።

4. መኪናውና ወረቀቱ

የራሳችሁ መኪና ካላችሁ ጎማውን፣ ዘይቱንና መብራቱን አሳዩና ወደሚቀጥለው ክፍል እለፉ።

ለምትከራዩ። ለጉብኝት የመጣ ሰው በአገሩ ሙሉ መንጃ ፈቃድ እስከ 12 ወር መንዳት ይችላል። እዚህ ነዋሪ የሆነ ሰው ግን 12 ወሩ የሚቆጠረው ነዋሪ ከሆነበት ቀን ነው። ከዚያ በኋላ በኢትዮጵያ መንጃ ፈቃድ መንዳት አይቻልም፤ እዚሁ መፈተን ያስፈልጋል። አከራዮች ብዙ ጊዜ በዋናው ሾፌር ስም የወጣ ክሬዲት ካርድ ይጠይቃሉ። ዕድሜው ከ25 በታች የሆነ ሰው ተጨማሪ መክፈሉ የተለመደ ነው።

አውቶማቲክ የለመደ ሰው ሲከራይ በግልጽ «አውቶማቲክ» ይበል። ካልተናገራችሁ ባለማርሽ ሊሰጧችሁ ይችላሉ፤ ማርሹ ደግሞ በግራ እጅ ነው። አነስተኛ መኪና ያዙ። የዶርሴት የገጠር መንገዶች ግራና ቀኝ በቁጥቋጦ አጥር የታጠሩ ናቸው፤ ሰፊ መኪና ጭንቀት ነው።

ኢንሹራንሱን ስትፈርሙ አንድ ቁጥር ጠይቁ። አደጋ ቢደርስ መጀመሪያ ከእናንተ ኪስ የሚወጣው ስንት ነው? ብዙ ጊዜ ከጠበቃችሁት በላይ ነው። ከመነሳታችሁ በፊት መኪናውን ዙሪያውን፣ ጎማውንም ጭምር፣ በስልካችሁ ቪዲዮ ቅረጹ። ስትመልሱም እንዲሁ።

መኪናውን ከለንደን መሀል ባትወስዱ ይሻላል። መሀል ከተማው የመጨናነቅ ክፍያ አለው። መላው ለንደን ደግሞ ጭሱ ከደረጃ በታች የሆነ መኪና በቀን 12.50 ፓውንድ የሚያስከፍል ዞን ነው። የኪራይ መኪናዎች አዲስ ስለሚሆኑ ሁለተኛው ብዙም አይነካቸውም። የራሱን አሮጌ ናፍጣ መኪና የሚነዳ ሰው ግን ታርጋውን አስገብቶ ያጣራ።

5. ፌሪውንና አልጋውን በአንድ ቀን ያዙ

ወደ አይል ኦፍ ዋይት ድልድይ የለም። መኪና የሚያሻግሩ ሦስት መስመሮች አሉ። ከፖርትስመዝ ወደ ፊሽቦርን 45 ደቂቃ ገደማ ይወስዳል። ከሳውዝሃምፕተን ወደ ኢስት ካውዝ አንድ ሰዓት ገደማ። ከሊሚንግተን ወደ ያርመዝ 40 ደቂቃ ገደማ። እኛ በመጀመሪያው ገብተን በመጨረሻው እንወጣለን። እንዲህ ሲሆን ደሴቲቱን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ሳንመለስ እናቋርጣታለን።

የፌሪ ዋጋ እንደ አውሮፕላን ቲኬት ነው፤ እንደ ቀኑና እንደ ሰዓቱ ይለያያል። በማለዳ ወይም በሳምንቱ መሀል ርካሽ ነው። የያዛችሁት ሰዓት ጥብቅ ነውና ግማሽ ሰዓት ቀድማችሁ ድረሱ። እኛ አንድ የነሐሴ ቀን 10 ደቂቃ ዘግይተን መርከቡ ሲሄድ ዓይናችን እያየ ቀረን። ቀጣዮቹም ሞልተው ነበርና ሦስት ሰዓት ወደብ ላይ ተቀመጥን። የዚያን ቀን ያሰብነው ነገር ሁሉ ተሰረዘ። ከለንደን ፖርትስመዝ በኤ3 መንገድ ሁለት ሰዓት ገደማ ነው፤ እናንተ ሦስት ሰዓት መድቡ።

አልጋ የምትይዙት በአራት ቦታ ነው። ቬንትነር፣ ፍሬሽዎተር፣ ስዋኒጅ እና ዌይመዝ። በሞቃቱ ወራት ብዙ ቤቶች ከሁለት ሌሊት በታች አያከራዩም፤ ቁርስ የሚሰጡት ትናንሽ ማረፊያዎች ለአንድ ሌሊት ይሻላሉ። ስትይዙ ሁለት ነገር ጠይቁ፤ ማቆሚያ አለው ወይ? የመጨረሻው የመግቢያ ሰዓት ስንት ነው?

6. የየቀኑ መንገድ

*ሐሙስ።* ከፊሽቦርን ወርዳችሁ መጀመሪያ ኦስቦርን ሃውስ ሂዱ። ኢስት ካውዝ አጠገብ ነው፤ ከፌሪው ሩቅ አይደለም። ንግሥት ቪክቶሪያ እ.ኤ.አ. 1845 የገዛችው የቤተሰብ ቤት ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 1901 ያረፈችውም እዚሁ ነው።

ለእኛ ግን ሌላ ታሪክ አለው። ከመቅደላ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. 1868፣ የአጼ ቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ ንግሥቲቱ ፊት የቀረበው በዚህ ቤት ነው። የሰባት ዓመት ልጅ ነበር። አባቱ መቅደላ ላይ ሞተዋል፤ እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅም ወደ ባሕር ሲወርዱ መንገድ ላይ አርፈዋል። አማርኛ የሚያውቀው ካፒቴን ስፒዲ ነበር ያመጣው፤ በዚህችው ደሴት አብሮት ኖሯል። ፎቶግራፍ አንሺዋ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን በደሴቲቱ ምዕራብ፣ ፍሬሽዎተር፣ ያነሳችው ፎቶ ዛሬም አለ። ዓለማየሁ እ.ኤ.አ. 1879 በ18 ዓመቱ ሊድስ ውስጥ አርፎ ዊንዘር ተቀበረ። አጽሙ ወደ አገሩ እንዲመለስ የቀረበውን ጥያቄ ቤተ መንግሥቱ እ.ኤ.አ. 2023 እንደማይቀበል አሳውቋል።

ከቤቱ በታች ንግሥቲቱ የምትዋኝበት ባሕር ዳር አለ። እዚያ ወርዳችሁ ትንሽ ተቀመጡ። ልጆች ካሏችሁ ታሪኩን የምትነግሩበት ቦታ ይኸው ነው። እኔ የነገርኳቸው ባሕሩን እያየን ነው፤ የዚያን ዕለት ጥያቄያቸው እስከ ማታ አላለቀም። ለኦስቦርን ቢያንስ ሦስት ሰዓት ስጡት። ከዚያ ወደ ደቡብ ወርዳችሁ ቬንትነር እደሩ።

*ዓርብ።* ይህ ቀን የመንገዱ ቀን ነው። ከቬንትነር ወደ ምዕራብ የሚሄደው የድሮ የባሕር ዳር መንገድ ናይተን ጋ እ.ኤ.አ. 2014 በመሬት መንሸራተት ተቆርጧል። ስለዚህ ናቪጌሽኑ በዊትዌል መንደር ሲያዞራችሁ ተከተሉት። ከቼል መንደር በኋላ ኤ3055 ሚሊተሪ ሮድ ይሆናል። እስከ ፍሬሽዎተር ቤይ 10 ማይል ገደማ ነው። በግራችሁ ባሕሩ፣ ፊት ለፊታችሁ እንደ ጠመኔ የነጣ ገደል፣ በቀኛችሁ አረንጓዴ ኮረብታ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ለጦር ሠራዊት የተሠራ መንገድ ነው። ገደሉ በየዓመቱ እየተበላ ወደ አስፋልቱ ይጠጋል። 10 ማይል በ20 ደቂቃ ያልቃል፤ እናንተ ግን ግማሽ ቀን ውሰዱበት። ኮምፕተን ቤይ ላይ ቁሙ፤ ውረዱ፤ አሸዋው ላይ ሂዱ።

ፍሬሽዎተር ቤይ ያለው የካሜሮን ቤት፣ ዲምቦላ፣ አሁን ሙዚየም ነው። ከሰዓት በኋላ ወደ ኒድልስ ሂዱ። ከባሕሩ ውስጥ የቆሙ ሦስት ነጭ አለቶችና ጫፋቸው ላይ የመብራት ማማ። «ኒድል» መርፌ ማለት ነው፤ ዛሬ ግን መርፌ የሚመስል ዓለት አታዩም። ስሙን የሰጠው ቀጭኑ ዓምድ «የሎጥ ሚስት» ይባል ነበር፤ እ.ኤ.አ. 1764 በማዕበል ወደቀ። ፍሬሽዎተር እደሩ።

*ቅዳሜ።* በጠዋቱ ፌሪ ከያርመዝ ወደ ሊሚንግተን ተሻገሩ። ወዲያው ኒው ፎረስት ውስጥ ናችሁ። ፈረሶችና አህዮች ያለ አጥር መንገድ ላይ ይሄዳሉ። የፍጥነት ወሰኑ 40 ማይል ነው፤ ፈረስ ስታዩ ከዚያም ቀንሱ። ምግብ አትስጧቸው፤ ክልክል ነው።

ከቦርንመዝ በኋላ ናቪጌሽኑ በፑል ከተማ ዞራችሁ እንድትሄዱ ሊነግራችሁ ይችላል። እናንተ «ሳንድባንክስ» ብላችሁ ጻፉ። እዚያ በሰንሰለት የሚጎተት ትንሽ ፌሪ አለ። ቦታ መያዝ አያስፈልግም፤ ተሰልፎ መግባት ነው። ማቋረጡ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ሲሆን 25 ማይል ገደማ ያስቀራል። አልፎ አልፎ ለጥገና ይቆማልና ጠዋት አረጋግጡ።

ወዲያ ማዶ ስተድላንድ ነው። አሸዋው ረጅም፣ ውኃው ጥልቀት የሌለው፤ ለልጆች ከዚህ የተሻለ በመንገዳችን ላይ የለም። ባሕሩ ቀዝቃዛ ነው። በሞቃቱ ወር እንኳ 17 ወይም 18 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ቀስ ብላችሁ ግቡ። የሕይወት አድን ሠራተኞች ባሉበት ሁሉ በሁለቱ ቀይና ቢጫ ባንዲራ መሀል ብቻ ዋኙ። ቀይ ባንዲራ ካያችሁ ጭራሽ አትግቡ። ከሰዓት በኋላ እስከ ኦልድ ሃሪ አለቶች በእግር ሂዱ። 95 ማይል የሚረዝመውና ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. 2001 በዓለም ቅርስነት የመዘገበው የጁራሲክ ባሕር ዳር ምሥራቃዊ ጫፍ ይህ ነው። ስዋኒጅ እደሩ።

*እሑድ።* ዛሬ በጠዋት ተነሱ። ደርድል ዶር፣ ባሕሩ ውስጥ የቆመው የድንጋይ ቅስት፣ በዶርሴት በጣም ከሚጎበኙት ቦታዎች አንዱ ነው። ከጠዋቱ 2 ሰዓት በፊት ከደረሳችሁ ሰው ሳይበዛ ታዩታላችሁ፤ ረፋድ ላይ ማቆሚያው ይሞላል። ቁልቁለቱ ዳገት ሆኖ እንደሚጠብቃችሁ አስታውሱ። ጉልበቱን የሚያመው ሰው ከላይ ሆኖ ቢያይ ምንም አይቀርበትም።

ከዚያ ወደ ታይነም ተመለሱ፤ ሩቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1943 ጦሩ ለልምምድ ስለፈለገው የመንደሩ ሰው ሁሉ ቤቱን ለቆ ወጣ። ከጦርነቱ በኋላ የሚመለስ መስሎት ነበር። አልተመለሰም። ቤቶቹ ጣሪያ የላቸውም፤ ቤተ ክርስቲያኑና ትምህርት ቤቱ ግን ተጠብቀዋል። በክፍሉ ውስጥ የልጆቹ መቀመጫ እንዳለ ነው። ከቀዬው የተፈናቀለ ሰው ታሪክ ለሚያውቅ ሰው ከባድ ቦታ ነው። ሳትቸኩሉ እዩት። ከመንደሩ ውጭ ከተከለሉት መንገዶች አትውጡ፤ ያልፈነዳ ጥይት ሊኖር ይችላል። ዌይመዝ እደሩ።

*ሰኞ።* ጠዋት ወደ ፖርትላንድ ውጡና ወደ ኋላ ዞራችሁ እዩ። 18 ማይል የሚረዝም የጠጠር ግድብ ከታች ይታያችኋል፤ ቼሲል ቢች ነው። ጠጠሩ በምዕራቡ ጫፍ የአተር ፍሬ ያህላል፤ ወደ ፖርትላንድ ሲጠጋ እንደ ቡጢ ይተልቃል። ሌሊት በጀልባ የሚያርፉ ኮንትሮባንዲስቶች የት እንዳሉ በጠጠሩ መጠን ያውቁ ነበር ይባላል። እዚህ አትዋኙ። ዳርቻው ወዲያው ይጠልቃል፤ ማዕበሉም ይጎትታል።

ከዚያ በቢ3157 ወደ ምዕራብ። ከአቦትስበሪ በኋላ መንገዱ ኮረብታ ላይ ይወጣና ባሕሩ ባንዴ ከታች ይዘረጋል። ያን ጊዜ በግራ ያሉትን ማቆሚያዎች ተጠቀሙ። የዚህ ሁሉ ጉዞ ምርጡ እይታ ለእኔ ይኼ ነው። ዌስት ቤይ ወርቃማውን ገደል እዩ፤ ከሥሩ ግን አትቀመጡ፤ ሳይታሰብ ይናዳል። መጨረሻው ቻርመዝና ላይም ሪጂስ።

7. የባሕሩን ሰዓት ማንበብ

ቻርመዝ ላይ ልጆች ቅሪተ አካል ይለቅማሉ። ገደሉን መቆፈር አያስፈልግም፤ ጠጠሩ መሀል ወድቆ ይገኛል። የላይም ልጅ ሜሪ አኒንግ እ.ኤ.አ. በ1811 እና 1812 ከወንድሟ ጋር የትልቅ የባሕር እንስሳ አጽም ያገኘችው በዚሁ ዳርቻ ነው። የ12 ዓመት ልጅ ነበረች። ድሃ ነበሩ፤ የለቀሙትን እየሸጡ ነበር የሚኖሩት።

ሰው አደጋ ላይ የሚወድቀውም እዚሁ ነው። በቻርመዝና በላይም መሀል በባሕር ዳር የሚሄድ ሰው፣ ውኃው ሲሞላ በገደሉና በባሕሩ መካከል ይቀራል። መውጫ የለም። ስለዚህ ይህን ተማሩ።

ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፤ ሁለት ጊዜ ይጎድላል። ከሙላት እስከ ጉድለት ስድስት ሰዓት ትንሽ አለፍ ይላል። ሰዓቱ በየቀኑ ወደ 50 ደቂቃ ይገፋል፤ የትናንቱ ለዛሬ አይሆንም። የእንግሊዝ የባሕር ካርታ መሥሪያ ቤት የሰባት ቀኑን ሰዓት በነጻ ያወጣል። ሰንጠረዡ የብርዱን ወራት ሰዓት የሚጠቀም ከሆነ ለሞቃቱ ወራት አንድ ሰዓት ጨምሩበት።

ባሕሩ እየጎደለ ሳለ ውጡ። ዝቅ ከሚልበት ሰዓት በፊት ፊታችሁን መልሱ። ቻርመዝ የመረጃ ማዕከል ስላለው የዕለቱን ሁኔታ እዚያ ጠይቁ። አንድ ነገር ከሆነ 999 ደውላችሁ «ኮስትጋርድ» በሉ።

በዚህ ምክንያት የሰኞን ቀን የምታቅዱት ከባሕሩ ሰዓት ተነስታችሁ ነው። ባሕሩ የሚጎድለው ጠዋት ከሆነ ቻርመዝን አስቀድሙ፤ ፖርትላንድን እሑድ ማታ እዩት። ከሰዓት ከሆነ ከላይ እንደጻፍኩት ሂዱ።

8. መንገድ ላይ

አደባባይ ላይ ከቀኝ ለሚመጣ ቅድሚያ ስጡ፤ ዙሩ በሰዓት አቅጣጫ ነው። ከተማ ውስጥ ብዙ ጊዜ 30 ወይም 20 ማይል። ነጭ ክብ ላይ ጥቁር ሰያፍ መስመር ካያችሁ በባለ አንድ መስመር መንገድ 60 ማለት ነው። ይህ የገጠር ጠባብ መንገድ ላይም ሊኖር ይችላል፤ እዚያ 60 አትሞክሩት። ሁለት መኪና የማያሳልፍ መንገድ ላይ ማለፊያ ቦታ ይኖራል፤ ለእሱ የቀረበው ሰው ነው ወደ ኋላ የሚመለሰው። ሲያሳልፏችሁ እጃችሁን አንሱ፤ ሁሉም እንዲህ ያደርጋል።

እየነዱ ስልክ በእጅ መያዝ 200 ፓውንድ እና በመንጃ ፈቃድ ላይ ስድስት የቅጣት ነጥብ ያስቀጣል። ልጅ 12 ዓመት ወይም 135 ሴንቲ ሜትር እስኪሞላ በልጅ ወንበር ይቀመጣል። የቤንዚን መቅጃ አረንጓዴ፣ የናፍጣ ጥቁር ነው። ተሳስታችሁ ከቀዳችሁ ሞተር አታስነሱ። ነዳጅ ከሱፐርማርኬት ቅዱ፤ በአውራ ጎዳና ላይ ያሉት ውድ ናቸው።

ፓርኪንግ ብዙ ቦታ በስልክ መተግበሪያ ነው የሚከፈለው። ኔትወርክ ደግሞ በዶርሴት ገደሎች ሥር ይጠፋል። እኔ አንድ ጊዜ መተግበሪያውን ማቆሚያው ላይ ቆሜ ላወርድ ስሞክር አልሆነም፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ቅጣት በፖስታ መጣ። ካሜራ ነው የሚያነበው፤ የምታስረዱት ሰው የለም። ሪንጎንና ጀስትፓርክን ቤት ሆናችሁ አውርዱ፣ ታርጋውን አስገቡ፣ ካርታውንም ያለ ኢንተርኔት እንዲሠራ አድርጉ። ሳንቲምም ያዙ።

9. ምግቡ

ፌስታልና ፔርሙስ የዚህ ጉዞ ግማሽ ነው። ቡናውን ጠዋት አፍልታችሁ ያዙ። ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ጭኮ፤ መኪና ውስጥ የማይበላሽ ነገር። ባሕር ዳር ላይ ቆንጆ ምሳ ይገኛል፣ ግን ወረፋ አለው፤ የራበው ልጅ ወረፋ አያውቅም።

ፍልሰታ በፈረንጆቹ ከነሐሴ 7 ጀምሮ ስለሚገባ ትምህርት ቤት በተዘጋበት ጊዜ ላይ ይወድቃል። ለሚጾም ሰው አንድ ነገር ልንገራችሁ። የተጠበሰ ድንች ጾም መስሎ ይታያል፤ አንዳንድ ቤት ግን በከብት ሞራ ነው የሚጠብሱት። በዘይት የሚጠብሱትም ከዓሣው ጋር በአንድ መጥበሻ ሊሆን ይችላል። «በምንድን ነው የምትጠብሱት? ለብቻው ነው ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ያለ ምንም ቅሬታ ይነግሯችኋል። ለማይጾመው ደግሞ በወረቀት የተጠቀለለ ትኩስ ዓሣ ከነድንቹ፣ ላይም ወደብ ላይ፣ ኮብ በሚባለው የድንጋይ ግንብ አጠገብ። የባሕር ወፎቹ ከእጅ ይነጥቃሉ፤ ጀርባችሁን ለግድግዳ ሰጥታችሁ ብሉ።

10. መመለሻው

ከላይም ለንደን ከሦስት ሰዓት በላይ ይወስዳል። ታንኩን ከመነሳታችሁ በፊት ሙሉ። መንገዱ በኤ35 ተጀምሮ ወደ ኤ303 ይገባል። ኤ303 ላይ አምስበሪ ከመድረሳችሁ በፊት ስቶንሄንጅ ከመንገዱ ብዙም ሳይርቅ ሜዳው ላይ ቆሞ ይታያል። ወደ ምሥራቅ ስትነዱ በግራ በኩል ነው። ሾፌሩ ዓይኑን ከመንገዱ አያንሳ፤ ፊት ያለው መኪና ድንገት ይቀንሳል። ልጆቹ እንቅልፍ ከወሰዳቸው ግን በግራ መስኮት በኩል ያለውን ቀስ ብላችሁ ቀስቅሱት።